የምድጃ ጎረቤት

ክራግሾ፣ የሸማኔ ረድፍ ቁጥር 5
ሴፕቴምበር 20 ቀን 1953

ለልጄ ለሜቪስ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሰባ ሁለት ዓመት ተሸክሞኛልና አልፈርድበትም። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጁን ነው፤ እስከ ዛሬ ዝም ማለቴን ይቅር በይኝ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር አንድ ሥራ ትዝ ይለኛል፤ መስኮት መወልወል፣ አመድ መዛቅ፣ የደጃፉን ድንጋይ መፈግፈግ። ቤቴ እንደ ዘንድሮ ጸድቶ አያውቅም።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። እናትሽ ኬዛያ አልተሰቃየችም። አልጋዋ ላይ፣ ብርድ ልብሷ እስከ አገጯ ተስቦ፣ ጸጉሯ ተበጥሮ ነው ያገኘኋት። ሐኪሙም ልቧ ነው ብሎ ጽፏል። እንቅልፍ ወሰዳት፣ በቃ። ለሁላችንም እንዲህ ያለውን ይስጠን። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፤ የሞተን ሰው ደጋግመው ሲያነሱት አያርፍም።

የእናትሽ ቤት ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ጣሪያችሁም አላፈሰሰም። እንዲያውም ከአውራጃው የመጣ ሚስተር ፔሊንግ የሚባል ሰው ረድፋችንን እየለካ ነው። ራሰ በራ፣ ለብስክሌቱ ብሎ የሱሪውን እግር በመቆንጠጫ የያዘ፣ ሜትሩ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። «ቤቴን እንዲህ የምትለካው ሬሳ ሳጥን ልታሠራለት ነው?» አልኩት። «ኧረ እማማ፣ እንዳይፈርስ ብዬ ነው» አለኝ። «እናትህ ስላልሆንኩ እማማ አትበለኝ፤ ሻይ ግን ልስጥህ» አልኩትና ገባ። ከዚያ ወዲህ መውጫውን ያወቀ አይመስለኝም።

ተወልደሽ ስላደግሽበት ቤት እንደ አዲስ ነው የነገረኝ። ስምንቱ ቤት የተሠራው ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ነው፣ በአንድ በጋ፣ ለሸማኔዎች። ላይኛው ፎቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ አዳራሽ ነበር፤ መስኮቶቹ እንደዚያ ተጠጋግተው የተደረደሩት መሸመኛዎቹ ብርሃን እንዲያገኙ ነው። በሳንቃ የተከፋፈለው ኋላ ነው። ታች ግን መለያያው ግንብ ክንድ ከስንዝር ይወፍራል፤ ሰው ቢጮህ አይሰማም። ምድጃዎቹ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ናቸው፣ አንድ የጭስ ማውጫ እንዲጋሩ፤ አምስት ከስድስት፣ ሰባት ከስምንት። እዚያ ላይ መሀላቸው ያለው አራት ጣት የማይሞላ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ምት ያሳልፋል፣ የሰው ድምፅ ግን አያሳልፍም። በሌላኛው ወገን የሚያዋስንሽ የጎረቤት ደረጃ ነው፤ ከዚያ ምንም አይሰማም። «ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጆሮ ብቻ ነው ያለው» አለኝ። የያዝኩትን ሻይ ገበታ ልብሱ ላይ አፈሰስኩት።

እኛ ያለ ሜትርም እናውቀው ነበር። ማታ መብራት ሲበራ በእሳት መቆስቆሻው የምድጃውን ድንጋይ ሦስት ጊዜ መምታት፣ በደረት ቁመት፤ ደህና ነኝ ማለት ነው። ከወዲያ ሦስት ሲመለስ ማንቆርቆሪያውን ትጥጃለሽ። እኔና እናትሽ አርባ አንድ ዓመት እንዲህ ተባባልን። ከፌብሩዋሪ ወዲህ ግን የሚመልስልኝ የለም፤ ብወድቅም የሚሰማኝ የለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይኼ ያስፈራኛል። ባልሽ ካረፈ እዚያ ባሕር ማዶ ምን ትሠሪያለሽ? ነይና እናትሽ ቤት ግቢ፤ የምድጃ ጎረቤት ሁኚኝ።

ዶርካስ ግሪንዉድ


ኦክቶበር 27 ቀን 1953

ለልጄ ለሜቪስ፣

አፕሪል መልካም ነው። መርከቡ አምስት ሳምንት ከፈጀ ሜይ ላይ ትደርሻለሽ፤ ኮረብታው ሁሉ ያኔ አረንጓዴ ነው። ፍራሽሽን አውጥቼ አናፍሰዋለሁ።

ዝቅ ብሎ ስለ መምታት የጻፍሽውን ሳነብ ግን ፊቴ ቀላ። እናትሽ ይኼን ሁሉ ትጽፍልሽ ነበር ማለት ነው! እሺ፣ አልክድም። ያለፈው የገና በዓል ሲቃረብ ተጣላን። ሰኞ የእኔ የማስጫ ቀን መሆኑን ረድፉ በሙሉ እያወቀ አንሶላዋን በእኔ ገመድ ላይ ሰቀለች። ዝናብ ስለ ነበር ማክሰኞ አልተሰጣም አለችኝ። «የአንቺ ማክሰኞ ቢዘንብ የእኔ ሰኞ ምን አጠፋ?» አልኳት። «ሰኞን በውርስ አገኘሽው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ከደረት ቁመት ላይ ወረድኩና ከአመዱ እኩል መታሁ።

በእኛ ረድፍ ይህ ምን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። አመዳም ማለት ነው፤ ወለልሽን ጥረጊ ማለት ነው። እሷም ዝቅ ብላ መለሰችልኝ። አዲስ ዓመትም አለፈ፣ ጃንዋሪም አለፈ፤ ሁለታችንም በዚህ ዕድሜያችን ወገባችንን ይዘን እየጎነበስን እንሰዳደባለን። ላይ ቤት ሳንቃው ላይ ያለችውን መተላለፊያ በርም በቁም ሳጥን ዘጋኋት። ስቀሽ ትሞቺ ነበር ብትመለከቺን።

አሁን ለሌላ ሰው የማልነግረውን ልንገርሽ፣ አብዳለች እንዳትዪኝ ብቻ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከእናትሽ ቤት ይመታል። በቀን ነው፤ ልክ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሻይ ስቀዳ። መጀመሪያ ፔሊንግ ነው ብዬ ወጥቼ አየሁ፤ ፔሊንግ ደጅ ላይ የብስክሌቱን ጎማ እየነፋ ነበር። ቁልፉ ደግሞ በመደረቢያዬ ኪስ ውስጥ ነው። አይጥ ነው አልኩ። አይጥ ግን ሦስት መትቶ አያርፍም። ከዚያ ሌላ ሦስት ይላል፤ ቀስ ብሎ፣ ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ቤቱ ያንቺ ነውና ለፔሊንግ ሁለት መስመር ጻፊለት። የእናትሽን ቤት፣ የቁጥር ስድስትን ምድጃ በጡብ ይድፈኑት። ስትመጪ በከሰል ምድጃ ፈንታ የጋዝ ማሞቂያ እናስገባልሻለን፤ አመዱም ይቀርልሻል።

ዶርካስ


ዱኒዲን
ኖቬምበር 18 ቀን 1953

ለተከበሩ እትዬ ዶርካስ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ። የመርከቡን ቦታ ይዤዋለሁ።

ስለ ምድጃው ለሚስተር ፔሊንግ ጽፌለት ነበር። ከመድፈኑ በፊት ሥዕሉን መሥራት ግዴታው ነው አሉ፤ ለባለቤትም መላክ አለበት። ትናንት ደረሰኝ። የእጁ ንጽሕና ያስገርማል፤ እናቴ የሠራችው የመሳቢያ እጀታ እንኳ አልቀረውም። ምድጃውንም ለብቻው ከፊት ለፊት ስሎታል። በደረት ቁመት ላይ ድንጋዩ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሰርጉዷል፤ ይኼ የመቶ ስድሳ ዓመት ሰላምታ ነው ብሎ ጽፎበታል። አለቀስኩ።

ከሥሩ ደግሞ ሌላ ምልክት አለ፣ እትዬ ዶርካስ። ከወለሉ ስንዝር ከፍ ብሎ። ሌላው ሁሉ ጥቀርሻ ለብሶ ሲጠቁር እነዚህ ነጭ ናቸው፤ አዲስ ናቸው ይላል። እስከ መቶ ሰማንያ ስድስት ድረስ ቆጥሮ ትቶታል። ሁሉም ከታች ወደ ላይ የተመቱ ናቸው። «የመታው ሰው ቆሞ ወይም ጎንበስ ብሎ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱን አላወቅኩም» ብሎ በእርሳስ ጽፏል።

እናቴ ስትሳደብ ጎንበስ ብላ ሦስት ጊዜ መትታ ቀና ትላለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ስታደርገው አይቻለሁ፤ ተሳድባ ስትጨርስም ሳቋ ያመልጣታል። መቶ ሰማንያ ስድስት ጊዜ መትታ አታውቅም። ተኝታም መትታ አታውቅም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ከዚህ ባሕር ማዶ ሆኜ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። እርስዎ ራስዎ እንዳሉኝ፣ ያ ቤት አንድ ጆሮ ብቻ ነው ያለው። እባክዎ፣ እናቴ አልጋዋ ላይ ነው የሞተችው?

ሜቪስ


ዲሴምበር 2 ቀን 1953

ለልጄ ለሜቪስ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፔሊንግ መልካም ሰው ነው፤ ድንጋይ መለካት ግን ሰው ማወቅ አይደለም። ምልክቱ ምናልባት የድሮ ይሆናል፤ ጥቀርሻውም ረግፎ ይሆናል። ለገና የዝንጅብል ኬክ በቆርቆሮ አድርጌ ልኬልሻለሁ፤ ሲደርስሽ ቢደርቅ በሻይ አርሺው።

አሁንም ይመታል። ጡቡ መች ይጀመራል?

ዶርካስ


ዲሴምበር 9 ቀን 1953

ሜቪስ፣

የባለፈውን ደብዳቤ ቅደጂው። መልስሽን ሳልጠብቅ እጽፋለሁ፤ ከጠበቅኩ ልቤ ይመለሳል።

እናትሽ በሞተችበት በዚያ ፌብሩዋሪ በረዶው የጀመረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እስከ እኩለ ቀን ድረስ የደጃፉን ግማሽ ዘጋው። ወተት የሚያድለው ሰው አልመጣም፤ ጸሎት ቤቱም እሑድ አልተከፈተም። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ሻይ ስቀዳ ከኬዛያ በኩል ተመታ፤ ከታች። በዚህ በረዶም አልተወችኝም ብዬ ሳቅኩ። ደስ ነው ያለኝ፤ ሰው አለ ማለት ነዋ። ጎንበስ ብዬ መለስኩላት። ደግማ መታች፣ ደግሜ መለስኩ።

እሑድ ቀኑን ሙሉ መታች። ሳታቋርጥ። ያኔ ተናደድኩ። ምን ዓይነት ሴት ናት፣ በሰንበት እንኳ አታርፍም አልኩ። መቆስቆሻውን ትቼ የከሰሉን አካፋ አነሳሁና አመድ እስኪቦን ድረስ መለስኩላት። እልህ ምላጭ ያስውጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን እኔ ዋጥኩት። ሰኞ ምቷ እየዘገየ፣ እየላላ መጣ። ደከማት አልኩ። ከሰዓት በኋላ ቆመ። አሸነፍኳት አልኩ፣ ሜቪስ። ያን ሌሊት እንዴት ያለ እንቅልፍ እንደ ተኛሁ ብነግርሽ ትጠይኛለሽ።

ማክሰኞ በረዶው ሟሸሸ። ካሸነፍኩ አይቀር ልታረቃት ብዬ ኬክ ይዤ ሄድኩ። ድንጋዩ ወለል ላይ ነበረች፤ ከምድጃው ሥር፣ በጎኗ፣ ዳሌዋ ተሰብሮ። እሳቱ ከጠፋ ቆይቷል። መቆስቆሻው በእጇ ነው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኳቸው። ያን ምልክት ሁሉ ያደረገችው ተኝታ ነው። ከዚያ ከፍ አድርጋ መምታት አትችልም ነበር።

ድሮም ሚዛን የማትደፋ ነበረች፤ ተሸክሜ በደረጃው ወደ ላይ አወጣኋት። አልጋዋ ላይ አስተኛኋት፣ ልብሷን ለወጥኩላት፣ ጸጉሯን አበጠርኩ። ሐኪሙን በእንቅልፏ ነው አልኩት። እሱም በረዶ ላይ ተጉዞ ደክሞት ነበርና እንደ ነገርኩት ጻፈ። አንቺንም እንደዚያው ነገርኩሽ።

ከእኔ ሌላ በዓለም ላይ ሊሰማት የሚችል ሰው አልነበረም። ሰባት ቁጥር የሚያዋስናት በደረጃው ነው። ላይ ቤት በሳንቃዋ በር ብገባ ኖሮ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ ቁም ሳጥኑን የገፋሁት እኔ ነኝ። መስማቱንስ ሰምቻታለሁ። ይህን ነው ለማንም ልናገረው ያልቻልኩት፤ ሰማኋት፣ መለስኩላትም። በየጊዜው ነው የመለስኩላት። እሷ ያንን መልስ ስትሰማ ምን አለች? ዶርካስ አወቀች፣ አሁን ትመጣለች አለች? ይኼን ሳስብ ጥሬ ሥጋዬን የሚበላኝ ነገር አለ።

ብትመጪ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ። ባትመጪም አልፈርድብሽም። ምድጃውን ግን አስደፍኚልኝ። አሁን ከአሥር ሰዓት በፊትም መምታት ጀምሯል።

ዶርካስ


ዱኒዲን
ጃንዋሪ 2 ቀን 1954

ዶርካስ፣

እትዬ ልልሽ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። ከእንግዲህ አንቱም አልልሽም።

ደብዳቤሽን በገና ዋዜማ በምሠራበት ትምህርት ቤት ማብሰያ ክፍል ውስጥ አነበብኩት። ከኬኩ ጋር አንድ ቀን ነው የደረሱት። ኬኩን ለዶሮዎች ሰጠሁት።

እናቴ የመጨረሻዋን ደብዳቤ የጻፈችልኝ በረዶው ከመጀመሩ ከሦስት ቀን በፊት ነው። «ዶርካስ ዛሬም ዝቅ ብላ መታች፤ ለትንሣኤ ሳንታረቅ አንቀርም፣ እስከዚያ ግን ልጫወትባት» ይላል። እንደምትወድሽ አታውቂም ነበር? ሁለት ቀን ሙሉ የመታችው ስለምታምንሽ ነው። ሰው እንዳለ ታውቃለች፤ ይመለስላታላ።

ምድጃውን አላስደፍንም። ለሚስተር ፔሊንግ ፈርሜ ልኬለታለሁ፤ ረድፉ በቅርስነት ይመዝገብ፣ የቁጥር ስድስት የምድጃ ድንጋይም ከነምልክቱ ይቆይ፣ ማንም እንዳይነካው። መርከቡንም ሰርዣለሁ። አንቺ የምትፈልጊው ሰው እንዲመልስልሽ ነበር፤ እኔ አልመልስልሽም።

ይመታል ትያለሽ። ይምታ አይምታ አላውቅም። ቢመታ ግን ጡብ መፈለግሽ ይገርመኛል፤ አሁንም መዝጋት ነው የምታስቢው። በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ይሰማል ብለሻል። እንግዲያው ቁም ሳጥንሽን ግፊና ሂጂ። ዘጠኝ እርምጃ ነው። ዓመት ቢዘገይም ሂጂ።

ይቅርታ ጠይቀሻል። ዛሬ የለኝም። ነገን እንጃ።

ሜቪስ ሰትክሊፍ


ጃንዋሪ 24 ቀን 1954

ለሜቪስ፣

የጻፍሽው ሁሉ ልክ ነው። ኬኩን ለዶሮ መስጠትሽም ልክ ነው።

ሄድኩ። ሐሙስ ዕለት ከምሳ በኋላ ቁም ሳጥኑን ባዶ አደረግኩና በጀርባዬ ገፋሁት። እንጨቱ ወለሉን ሲፍቅ ረድፉ ሁሉ የሰማኝ መሰለኝ፤ ማንም ግን አልሰማም። በሯ አልተቆለፈችም። በእናትሽም በኩል ምንም አልተደገፈባትም፤ ክፍት ትታት ነበር። ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ነው። በረጃጅሞቹ መስኮቶች ያ የክረምት ብርሃን ይገባል፤ አቧራው ላይ ከእኔ በቀር የማንም ዱካ የለም። ደረጃውን በቂጤ እየተንፏቀቅኩ ወረድኩ።

ታች ምንም የለም፣ ሜቪስ። የምትፈሪው ነገር ቢኖር ይሻለኝ ነበር። የአምናው አመድ እንዳለ ነው። መቆስቆሻው እኔ ያስቀመጥኩበት ቦታ አለ። የነበረችበት ቦታ ላይ ተቀመጥኩ፤ ድንጋዩ እስከ አጥንት ይቀዘቅዛል። አሥር ሰዓት እስኪሆን ጠበቅኩ። የጸሎት ቤቱ ሰዓት ደወለ። አልተመታም። የሚመታውን አገኛለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ባዶ ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት ብቻ ተቀምጣለች።

ለመነሳት ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ መቆስቆሻውን አነሳሁ። ከተቀመጥኩበት የሚደርስልኝ ያ ነጩ ምልክት ያለበት ቦታ ነው። ደህና ነኝ ልላት ፈለግኩ ወይስ ይቅር በይኝ፣ እኔም አላውቀውም። ሦስት ጊዜ መታሁ።

ከእኔ ቤት በኩል ተመለሰልኝ።

ሦስት ጊዜ፣ ከታች፣ በኃይል። የመቆስቆሻ ድምፅ አይደለም። አርባ አንድ ዓመት የሰማሁትን አላጣውም፤ የከሰል አካፋ ነው። አመዱ ከድንጋዩ ሥር ቦነነና ፊቴ ላይ መጣ። ደግሜ መታሁ። ደግሞ ተመለሰ፣ ከፊተኛው ብሶ። የማላውቀው ሰው አይደለም የሚመታው፤ የንዴቱን ልክ አውቀዋለሁ። ዶርካስ ብዬ ተጣራሁ። በገዛ ስሜ። ወድቄ ነው፣ ነይ አልኳት። ግንቡ ግን ክንድ ከስንዝር ነው።

በስንት መከራ ተነስቼ በመጣሁበት ተመለስኩ። ቤቴ እንደተውኩት ነው። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ አካፋው ከሰሉ ዕቃ ውስጥ ቆሟል፣ ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ይንጫጫል። ሰው የለም።

ፔሊንግ ዓርብ መጥቶ ነበር። ልብሴ ላይ አመድ አይቶ «ምን ሆኑ?» አለኝ። ምድጃ ስጠርግ ነው አልኩት። ፊርማሽ ደርሶታል፤ በጣም ተደስቷል። የተሰረጎደውን ድንጋይ ሰው እየመጣ እንዲያየው ትንሽ ጽሑፍ ይለጠፍ ይላል። ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ሲጠይቀኝ ሜቪስን ጠይቃት አልኩት።

ነይ አልልሽም፤ ያንን ትቻለሁ። የጠየቅሽኝን ብቻ ነው የምመልስልሽ። እናትሽ ምን እንደ ሰማች አሁን አውቄያለሁ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በሳንቃው በር እገባለሁ፤ ይህንንም የምጽፍልሽ እዚያው ወለሉ ላይ ሆኜ ነው። በመታሁ ቁጥር ትመልስልኛለች፣ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። ግን አትመጣም።

ዶርካስ